በሐረር አቅራቢያ የረግረግ ውሃችንን በዕፅዋት ስላስመረመርንበት አገልግሎት

ከሐረር ከተማ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት እያለማን ምርታችንን ሸዋ በር ገበያ የምናወጣ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር አለን፤ እኔም የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ማሳችንን የምናጠጣበት ውሃ ከኮረብታው ሥር ከምትፈልቅ ምንጭ ይነሣና እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ በሚያክል ረግረግ ውስጥ ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከበላያችን ያለው ሰፈር እየሰፋ፣ ላቫጆዎችና ጋራዦች እየበዙ፣ የሽንት ቤታቸውን ፍሳሽ በጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚለቁ ቤቶችም እየተጨመሩ ሲመጡ፣ ቀድሞ በክረምት ብቻ ይፈስ የነበረው ቦይ በጋውንም ሙሉ እየፈሰሰ በረግረጉ ምዕራባዊ ጎን መግባት ጀመረ። ከአባላቱ መካከል ውሃው ተበላሽቷል የሚሉ ነበሩ፤ ምንም አልሆነም የሚሉም ነበሩ። ይህ ጽሑፍ ክርክሩን ለመቁረጥ ብለን ገንዘብ አዋጥተን ስለገዛነው አገልግሎት፣ ማለትም የረግረግ ዕፅዋትን በማየት የውሃን ብክለት ስለሚመረምር የአማካሪዎች ቡድን ሥራ የማቀርበው ምዘና ነው።

የሐረር ሰው ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አይቷል። ለከተማችን ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር እየተሳበ፣ ከየተራራው በሚወርደው ደለልም እየተሞላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ከተማው ከድሬዳዋ አቅጣጫ በሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ መኖር ግድ ሆኖበታል። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙ ቢያስደስተንም፣ በእነዚያ ዓመታት የደረሰብንን ጥም የረሳ የለም። ስለዚህ በስብሰባችን ላይ የምርመራ ሐሳብ ሲነሣ ለመክፈል የተቃወመ አልነበረም፤ ክርክሩ በምን መንገድ እንመርምር በሚለው ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በጠርሙስ የተወሰደ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከን ነበር። ውጤቱ ደህና መሆኑን ሰምተን ስናበቃ፣ ናሙናው የተወሰደው እሑድ ጠዋት፣ ላቫጆዎቹ ባልከፈቱበትና ቦዩ ቀጥኖ በሚወርድበት ሰዓት እንደነበር ያስታወስነው ከወራት በኋላ ነው። ላቦራቶሪው የዋሸው ነገር የለም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ለካ፣ የለካውንም ነገረን። ችግሩ ጠርሙስ የሚይዘው የአንዲት ቅጽበትን ውሃ ብቻ መሆኑ ነው። ሥሩን በጭቃው ውስጥ ተክሎ ለወራትና ለዓመታት የኖረ ተክል ግን ሌሊት የተለቀቀውንም፣ በበዓል ዋዜማ የፈሰሰውንም፣ በክረምት ጎርፍ የመጣውንም አብሮ ጠጥቷል። የዕፅዋት ምርመራ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛም አገልግሎቱን የመረጥነው ይህንኑ ተረድተን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኮልክዊትዝና ማርሶን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በፍሳሽ የተበከሉ ወንዞችን በውስጣቸው በሚኖሩ ፍጥረታት ዓይነት ደረጃ የሚሰጥ ሥርዓት ማዘጋጀት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ በ1908 ዕፅዋቱን፣ በ1909 ደግሞ እንስሳቱን ዘርዝረው አሳትመዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውሃ መመሪያ አባል አገሮች የወንዞቻቸውንና የሐይቆቻቸውን ጤንነት ሲመዝኑ የውሃ ዕፅዋትን እንዲቆጥሩ አዟል። ይህን የምጽፈው፣ «ሣር አይቶ ውሃ መመርመር የባህል ሐኪም ሥራ ይመስላል» ላሉኝ የማኅበራችን አባላት የሰጠሁትን መልስ ለሌላውም አንባቢ ለማካፈል ነው።

ቡድኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በመስከረም መጨረሻ ሁለት ሙሉ ቀናት ረግረጉ ውስጥ ዋሉ። በመስክ ላይ ያደረጉትን ሁሉ አብሬያቸው ሆኜ ስላየሁ በዚህ ክፍል ያለኝ ምስክርነት ሙሉ ነው። ሦስት ቦታዎችን መረጡ፦ አንዱ ምንጩ አጠገብ ቦዩ የማይደርስበት፣ ሁለተኛው ቦዩ የሚገባበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ውሃው ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ማሳችን የሚያልፍበት ነው። በየቦታው ገመድ ዘርግተው፣ በገመዱ ላይ በእኩል ርቀት እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት አራት ማዕዘን እያስቀመጡ፣ በውስጡ ያለውን ተክል ሁሉ በዓይነት ለይተው እያንዳንዱ የያዘውን ሽፋን መዘገቡ። የማያውቁትን ተክል ገምተው ከመጻፍ ይልቅ ከነሥሩና ከነአበባው ነቅለው በጋዜጣ መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማከማቻ ለመውሰድ አሸጉት። በዚህ ሥራ ሐቀኝነት የሚለካበት ዋናው ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቄጠማ የምንላቸው ተክሎች ለእኛ ዓይን አንድ ቢሆኑም ብዙ ዝርያ ያሏቸው ናቸው፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚወድ ሲሆን ሌላው ቆሻሻን የሚታገሥ ሊሆን ይችላል።

ያገኙት ልዩነት ለማንም ሰው ዓይን የሚታይ ነበር። ምንጩ አጠገብ ውሃው እስከ ታች ጥርት ብሎ ይታያል፤ በውስጡም ካራ የሚባለው፣ ሲነኩት በኖራ ቅርፊት ምክንያት የሚሻክርና ሲቀጠቅጡት የሚከረፋ የውሃ ውስጥ ልምላሜ ተነጥፎ ነበር። መሪያቸው እንዳስረዱን ካራ ፎስፈረስ ባነሰበትና ብርሃን እስከ ወለሉ በሚደርስበት ውሃ የሚበረታ በመሆኑ፣ መኖሩ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲበዛ ውሃው በደቃቅ አልጌ ይደፈርስና መጀመሪያ ከሚጠፉት መካከል እሱ ይገኛል። በዚያው ቦታ በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ እስከ አሥራ አንድ የሚደርሱ የተክል ዓይነቶች ተቆጥረዋል። ቦዩ በሚገባበት ስፍራ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ፊላ ብቻ ቆሟል፤ ፊላው በሳሳበት ክፍት ውሃ ላይ ደግሞ እንደ ምስር ክክ የደቀቀው ተንሳፋፊ ሌምና አረንጓዴ ምንጣፍ ዘርግቷል። ከምንጣፉ ሥር በውሃው ውስጥ የሚኖር ተክል አላገኙም፤ ብርሃን የማይደርሰው ተክል ሊኖር አይችልምና።

ፊላ መኖሩ ብቻውን ክስ አይሆንም፤ ፊላ የረግረግ ነባር ተክል ነው፣ ጣሪያ ክዳንና ምንጣፍ ይሆናል፣ ለወፍም መጠለያ ነው። ጉዳዩ ሌላውን ሁሉ ገፍቶ ብቻውን ሲቆም ነው። በዚህ ረገድ ቡድኑ ያቀረበልን የአሜሪካው የኤቨርግሌድስ ረግረግ ምሳሌ በጣም ጠቅሞናል። በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው ይህ ሰፊ ረግረግ በተፈጥሮው ፎስፈረስ እጅግ ያነሰበት ሲሆን፣ ከሸንኮራ አገዳና ከአትክልት እርሻዎች የሚወርደው ማዳበሪያ እየጨመረ ሲሄድ ለዘመናት ቦታውን ይዞ የኖረው ባለ ምላጭ ቅጠሉ ሣር እየተገፋ በፊላ ተተካ። በመጨረሻም ባለሥልጣናቱ የፎስፈረሱ ልክ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ወሰኑ። ይህ በዓይን የማይታይ፣ በምላስም የማይቀመስ መጠን ነው፤ ለውጡን ለሰው ዓይን ያሳየው ፊላው ነው። እዚያ የተስፋፋው የፊላ ዝርያ በእኛም አገር የሚገኝ በመሆኑ ምሳሌው ከሩቅ የመጣ ቢሆንም ሥሩ ቅርብ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን ከማኅበራችን አባላት አንዱ የሆኑ አዛውንት በትራቸውን ተመርኩዘው መጥተው፣ «ኦቦ፣ ይህ ፊላ እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ጥግ ላይ ላም ከምትተኛበት ቦታ አይበልጥም ነበር» ሲሉ፣ የቡድኑ መሪ ሥራቸውን አቁመው፣ አዛውንቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ፊላው በየትኛው ዘመን የት ይደርስ እንደነበር እየጠየቁ በካርታ ላይ አስፈሩት። ሰፈሩ ከተስፋፋበት ጊዜ ጋር ሲያስተያዩትም የፊላው ግስጋሴ ከቦዩ መምጣት ጋር የሚሄድ ሆነ። የተማረ ሰው የአገሬውን ትዝታ እንደ ማስረጃ ሲቀበል ማየት በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ጭቃውንም አሳይተውናል። ቦዩ አጠገብ የተነቀለው ፊላ ሥሩ በጥቁርና እንደ ተበላሸ እንቁላል በሚሸት ጭቃ ተሸፍኖ ሳለ፣ በሥሮቹ ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ቀጭን ልባስ ይታይ ነበር። ሽታው ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥ የሚፈጠረው የድኝ ጋዝ ነው፤ የዝገቱ ልባስ ደግሞ ተክሉ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች የሚያወርደው አየር በሥሩ በኩል ሲያመልጥ በጭቃው ያለውን ብረት እያዛገ የሚሠራው ነው። ይህ ልባስ ሌሎች ከባድ ብረቶችንም ይይዛል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደኋላ በሪፖርቱ ላይ ላነሣው ቅሬታ መነሻ ነውና።

በተጨማሪም በሦስት ማሰሮ፣ ማለትም በምንጩ ውሃ፣ በቦዩ ውሃና በምንጭ ውሃ አሥር እጅ በቀጠነ የቦይ ውሃ ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው የሌምና ቅጠሎችን አስቀምጠው ለሰባት ቀናት እንድንቆጥር ሰጡን። ይህ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ያለው ፈተና ነው፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባጸደቀው መመሪያ ቁጥር 221 መሠረት ሰባት ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ ፈተናው ተቀባይነት የሚኖረው በማነጻጸሪያው ዕቃ ውስጥ ያለው ቅጠል ከሁለት ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ እጥፍ ከሆነ ብቻ ነው። የእኛው በመስኮት ሥር የተቀመጠ፣ ሙቀቱና ብርሃኑ ያልተመጠነ በመሆኑ የላቦራቶሪ ማስረጃ አይሆንም፤ ቡድኑም ይህን በግልጽ ነግሮናል። ነገር ግን ያስተማረን ብዙ ነው። በቀጠነው የቦይ ውሃ ውስጥ ያለው ሌምና ከምንጩ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ በዛ፤ ባልቀጠነው ውስጥ ያለው ግን በአራተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ መበታተን ጀመረ። የፍሳሹ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ተክሉን ሲመግበው ሳሙናውና ዘይቱ ደግሞ ይገድለዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማሳው ለምልሟልና ውሃው ደህና ነው ብሎ በስብሰባ ላይ የሚከራከር አላጋጠመኝም።

እስከዚህ ድረስ ለክፍያችን ከሚገባው በላይ አግኝተናል። ሪፖርቱ ግን ከመስክ ሥራው ጋር አይመጣጠንም።

መጀመሪያ የመጣው አርባ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ነበር። ከፋዮቹ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነቡ ገበሬዎች መሆናቸው በውሉ ላይ እያለ ይህ መሆኑ ቅር አሰኝቶናል፤ ከጠየቅን በኋላ የአማርኛ አጭር መግለጫ ቢመጣም የመረጃ ሠንጠረዦቹ ሳይተረጎሙ ቀርተዋል። የሪፖርቱን መዘግየት አልቆጥርባቸውም።

ዋናው ስሕተት የቄጠማው ጉዳይ ነው። ሪፖርቱ በሦስተኛው ቦታ፣ ማለትም በውሃው መውጫ፣ የቄጠማው ሽፋን ከምንጩ አጠገብ ካለው እጅግ ያነሰ መሆኑን ጠቅሶ፣ ይህንን ቄጠማ በብክለት ምክንያት እየሞተ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ቆጠራው የተደረገው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀልም አለ፤ በእነዚህ ሁለት በዓላት ለጉዝጓዝ የሚሆን ቄጠማ ከዚያው ከመውጫው፣ መንገድ ስለሚቀርበው፣ በሸክም እየታጨደ ሸዋ በር ወርዷል። ከማኅበራችን አባላት መካከል በዚያ ሳምንት ቄጠማ በመሸጥ ብቻ የልጆቻቸውን ደብተር የገዙ እናቶች አሉ። ከበዓል ውጭም ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ቄጠማ ይጎዘጎዛልና አጨዳው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ስለዚህ የተቆጠረው የማጭድ ሥራ እንጂ የመርዝ ሥራ አልነበረም። በማጭድ የተቆረጠ ቄጠማ ከሥሩ ላይ ጠፍጣፋና እኩል ሆኖ ስለሚታይ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው መለየቱ አያስቸግርም፤ ስለ ፊላው አዛውንቱን እንደጠየቁ ሁሉ ስለ ቄጠማውም አንዲትን እናት ቢጠይቁ ኖሮ ስሕተቱ ባልተጻፈ ነበር። ተክልን እንደ ጠቋሚ የሚያነብ ሰው ከውሃው በፊት ማጭዱን፣ ከብቱንና የውሃውን ከፍታ መጠየቅ አለበት፤ ከብት የጋጠው፣ ሰው ያጨደውና ድርቅ ያሳነሰው ሁሉ በወረቀት ላይ ብክለት መስሎ ይታያልና።

ሁለተኛው ስሕተት ነጥብ አሰጣጡ ነው። ለእያንዳንዱ ተክል የተሰጠው የናይትሮጅን ነጥብ ኤለንበርግ የተባሉት ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ለመካከለኛው አውሮፓ ዕፅዋት ካወጡት ከ1 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ የተወሰደ ነው። መለኪያው በተሠራበት አገር የተመሰከረለት ነው፤ ክረምቱ በረዶ በሆነበት፣ ዕፅዋቱም ሌላ በሆኑበት ምድር ተፈትኗል። በእኛ ረግረግ ያሉት ቄጠማዎች ግን ከአውሮፓዎቹ ጋር በወገን ስም ቢገናኙም በዝርያ የተለዩ ናቸው፤ ሪፖርቱ የዘመዱን ነጥብ ለዘመዱ ሰጥቶ አማካይ ሠርቶ፣ አማካዩን እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ድረስ ጽፎታል። ይህ ልኬት መስሎ የቀረበ ግምት ነው። ከዚህ ይልቅ ምንጩን እንደ ማነጻጸሪያ ወስደው የሦስቱን ቦታዎች ልዩነት ብቻ ቢያስቀምጡልን የበለጠ ባመንናቸው ነበር፤ መረጃው በእጃቸው ነበረና።

ሦስተኛው የከባድ ብረቱ ምርመራ ነው። ጋራዦቹ በላያችን ስላሉ የባትሪና የብረታ ብረት ፍሳሽ ያሠጋናል ብለን ተጨማሪ ከፍለን ያዘዝነው ክፍል ነበር። ቡድኑ የፊላ ቅጠል ብቻ ቆርጦ ወሰደ፤ ውጤቱም «አሳሳቢ አይደለም» የሚል ሆነ። ፊላ ግን ከጭቃው የሚወስደውን ብረት አብዛኛውን በሥሩና በከርሰ ምድር ግንዱ ውስጥ አግቶ ያስቀራል፤ ወደ ቅጠሉ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የዝገቱን ልባስ በእጃቸው ይዘው ያስረዱን ሰዎች ሥሩን ትተው ቅጠሉን ብቻ መመርመራቸው እስካሁን ይገርመኛል። ቅጠልን መርምሮ ጭቃው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ ቅጠል የሚመረመረው ለከብት መኖ ወይም ለሌላ ጥቅም ሊውል ሲታሰብ ነው። ደግሞም ንጽጽሩ ትክክል እንዲሆን በሁሉም ቦታ ዕድሜው የተቀራረበ ተክል፣ ያው የተክሉ ክፍል፣ በያው ወቅት መወሰድ ይኖርበታል።

እነዚህን ሦስቱን በደብዳቤ አቅርበናል። ለቡድኑ ፍትሕ እንዲሆን የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፦ የቄጠማውን ገጽ ያለ ክርክር አርመው ላኩ፤ ለሥሩ ናሙና ደግሞ የትራንስፖርታቸውን ወጪ ራሳቸው ችለው በኅዳር ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ዙር ከሦስቱም ቦታዎች ሥር፣ ቅጠልና ጭቃ ለየብቻ ተወስዶ ሲመረመር፣ ቦዩ አጠገብ ባለው የፊላ ሥር ውስጥ ያለው ዚንክ ከምንጩ ፊላ ሥር በግልጽ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ዚንክ ከጎማ ፍቅፋቂ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከጋራዥ ቆሻሻ ጋር የሚወርድ በመሆኑ ምንጩን ለመገመት ብዙ አላስቸገረም። የነጥብ አሰጣጡን ግን አላረሙም፤ የተለመደ አሠራር ነው የሚል መልስ ሰጥተዋል። በዚህ አልተስማማንም።

አሁን የሁሉንም ክብደት ወደሚይዘው ጉድለት ልምጣ። እኛ የምናመርተው ሰላጣ ነው፤ ሰላጣ ሳይበስል ይበላል። የሽንት ቤት ፍሳሽ በሚገባበት ውሃ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የፎስፈረስ ሳይሆን የጀርም ነው። ፊላም ሆነ ሌምና ስለ ኮሌራ፣ ስለ ታይፎይድ ወይም ስለ ወስፋት እንቁላል የሚነግሩን ነገር የለም፤ ውሃው በፍሳሽ እየበለጸገ መሆኑን ከጠቆሙ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬ ለሚበላ አትክልት በሚውል የመስኖ ውሃ ውስጥ ከሰገራ የሚመጣው የኮሊፎርም ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1000 መብለጥ እንደሌለበት አስቀምጧል። በአርባ አንዱ ገጽ ውስጥ ስለዚህ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም በመጨረሻው ገጽ «ተጨማሪ ጥናት» በሚለው ሥር ይገኛል። አተት በየክረምቱ በሚያሰጋበት አገር፣ ሰላጣ ለሚሸጥ ማኅበር የሚቀርብ ሪፖርት በዚህ ጉዳይ መጀመር ነበረበት። ናሙናውን በራሳችን ወጪ አስመረመርን፤ የቦዩ ጎን ውሃ ከዚህ ልክ አልፎ ተገኘ። በዚያው ሳምንት ሰላጣና ካሮትን ወደ ምሥራቁ፣ ከምንጩ በቀጥታ ወደሚመጣው መስመር አዛወርን፤ በምዕራቡ መስመር የሚጠጣው ማሳ ላይ ደግሞ በቆሎና ማሽላ ብቻ እንዲዘራ ወሰንን። ሁለት አባላት በዚህ ውሳኔ ገቢያቸው ስለቀነሰ ማኅበሩ ልዩነቱን ለአንድ ወቅት ሸፍኖላቸዋል።

ቡድኑ ከሰጠን ምክር መካከል በተግባር ያዋልነው የፊላው አጨዳ ነው። ፊላ በእድገቱ ወቅት ፎስፈረስን በግንዱና በቅጠሉ ይይዛል፤ ታጭዶ ከረግረጉ ከወጣ የተወሰነው አብሮ ይወጣል፣ እዚያው ወድቆ ከበሰበሰ ግን የያዘውን ሁሉ መልሶ ለውሃው ይሰጣል። ስለዚህ አጭደን በገመድ እየጎተትን አውጥተን ለጣሪያ ክዳን ለሚፈልጉ ሰጠን። ሥሩን እንዳንነቅል በጥብቅ አስጠንቅቀውናል፤ ጭቃው ሲታመስ በውስጡ የታገተው ሁሉ ወደ ማሳችን ስለሚወርድ ነው። ይህ ምክር ብቻውን የክፍያውን ግማሽ ያህል ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሁሉ የከፈልነው ኅዳር ላይ የተጨመረውን የሥር ምርመራ ጨምሮ 52 ሺህ ብር ነው። ለመስክ ሥራውና ለሥነ ምግባራቸው ከአምስት አምስት፣ ለመጀመሪያው ሪፖርት ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ። አገልግሎቱን እንደገና እንገዛለን፤ ነገር ግን ባለፈው ውል አይደለም።

ለሌሎች የምመክረው እንደ ቦታው ይለያያል። በሐረማያና በአዴሌ ሐይቆች ዙሪያ፣ በየወንዙ ዳር ውሃ ዓመቱን ሙሉ በሚቆምባቸው ረግረጎችም ያሉ ማኅበራት ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ ብዙ ይጠቀማሉ፤ በተለይ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ አጠቃቀም በጨመረባቸው የጫት ማሳዎች ሥር ያሉት። የድሬዳዋ ወዳጆቼ ግን በከተማቸው የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ በዚህ መንገድ ማስመርመር ይቻል እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ መልሴ አይቻልም የሚል ነው። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ፣ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የበቀለውን ሁሉ ጠርጎ ስለሚሄድ፣ ለዓመታት ቆሞ የሚመሰክር ተክል አይገኝበትም። የድሬዳዋ ችግር ከመሬት በታች ነው፤ በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የናይትሬት መጠን ከፍ ማለቱን ካሳዩ ቆይተዋል፣ ይህንንም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ልክ ጋር ለማስተያየት ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቶ መለካት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። በዚያ ከተማ ይህንን አገልግሎት ለመሸጥ የሚመጣ ካለ በመጀመሪያ የትኛውን ረግረግ እንደሚያይ ይጠየቅ።

ለቀጣዩ ዙር ያዘጋጀነው ውል አራት ነገር ይጠይቃል። ቆጠራው በመስከረም ሳይሆን አንዱ ከበዓላቱ በፊት በነሐሴ፣ ሌላው ውሃው በሚሳሳበትና ብክለቱ በሚወፍርበት በየካቲት ይሆናል። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ካሬ ሜትር ሰውም ከብትም እንዳይነካው በእሾህ ይታጠራል፤ ለቄጠማ የሚመጡት እናቶችም ይህንኑ ተስማምተዋል። ሥርና ጭቃ ያልተካተተበት የብረት ምርመራ ክፍያ አይኖረውም። ሪፖርቱም በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፋል፣ የጀርሙ ውጤት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ ራሳችን የምንሠራው ሥራ አለ። ቡድኑ በመስከረም በፊላው ዳርቻ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ሰባት ካስማዎች ተክሎ ሄዷል፤ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከአዛውንቱ ጋር ሄደን ፊላው ከየካስማው ምን ያህል እንደራቀ በሜትር እየለካን በደብተር እንጽፋለን። በጥር በለካንበት ጊዜ በምዕራብ በኩል ያሉት ሦስቱ ካስማዎች በፊላ ተውጠው ነበር፤ ምንጩ አጠገብ ያሉት አራቱ ግን እንደተተከሉ ክፍት ውሃ ዳር ቆመዋል፣ ካራውም በሥራቸው አለ።